ገበሬው ለምን በጥር ይሸጣል?

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ፀጉሬን ልስተካከል ገባሁ። ፀጉር አስተካካዬ ከድር ጨርቁን አንገቴ ላይ እያሰረ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር፤ እንዳይቀየሙኝ ብቻ» አለኝ። አልቀየምም አልኩት። «ያን ሁሉ ዓመት ኢኮኖሚክስ ሲያስተምሩ ኖረው እንዴት ሀብታም ሳይሆኑ ቀሩ?» ወረፋ የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ስልካቸውን ትተው መልሴን መጠበቅ ጀመሩ። «አንተስ ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ፀጉር ስትከባከብ ኖረህ እንዴት መላጣ ሆንክ?» አልኩት። ተሳሳቅንና ወሬው ወደ ኳስ ዞረ።

ይህን የምጽፈው ለከድር መልስ ለመስጠት አይደለም። ክፍሎቼን የተረከበው ወጣት መምህር የድሮ ማስታወሻዎቼን እንዳውሰው ለምኖኝ ነበር። ኢኮኖሚክስ አሁን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መሰጠት ጀምሯል፤ መጽሐፉ አዲስ ነው፣ ሥዕሉም ቀለሙም ያምራል። ደብተሮቼን ከሣጥን አውጥቼ አገላበጥኳቸው። ለዚህ ልጅ የሚጠቅመው ተሰብስቦ አንድ ገጽ አይሞላም። የሚጠቅመው ነገር ደግሞ ደብተሮቹ ውስጥ የለም፤ ስላፈርኩበት የትም አልጻፍኩትም። ለእሱ ብዬ ጀመርኩትና ከእሱ ይልቅ ለራሴ ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያ ምደባዬ በቆጂ ነበር። አሰላ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። በቆጂ ስደርስ የማውቀው ብርድ ለካ ለስሙ ነበር። በኢኮኖሚክስ ብመረቅም የተሰጠኝ ጂኦግራፊ ነው፤ ያኔ ኢኮኖሚክስ ለብቻው ክፍለ ጊዜ አልነበረውም፣ በሌሎች ትምህርቶች መካከል ተሸጉጦ ያልፋል። ደሞዙ የቤት ኪራይና የሽሮ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚወራ የለም። ተማሪዎቹ ግን ይገርሙኝ ነበር። ግማሾቹ በማለዳ ዳገቱን ሮጠው፣ ላባቸው ሳይደርቅ ክፍል ይገባሉ። አንዱን «ይህ ሩጫ የሚያስከፍልህ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው ትንሽ አሰበና «እንቅልፍ» አለኝ። አንድን ነገር ስንመርጥ የምንተወው ሌላ ነገር የምርጫችን ዋጋ እንደሆነ ለማስረዳት፣ እስከ ጡረታዬ ድረስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

መምህርነት ያስተማሩኝ እዚያ ያገኘኋቸው ጋሽ ታደሰ ናቸው። በዕድሜ አባቴን ያህሉ ነበር። በቀድሞው መንግሥት ጊዜ የፖለቲካ ኢኮኖሚ አስተማሪ ነበሩ። «ገበያ ጠላት ነው ብዬ ባስተማርኩበት ክፍል፣ በዚያው ጥቁር ሰሌዳ፣ ገበያ ወዳጅ ነው ብዬ እንዳስተምር ታዘዝኩ። በሁለቱም ጊዜ ገበያውን ሄዶ የጠየቀው ሰው የለም» ይሉ ነበር።

እሳቸው ይጠይቁ ነበር። በገበያ ቀን ከረባታቸውን አስረው፣ ከታች ቦቲ ጫማ አጥልቀው፣ ጭቃውን እያቦኩ ገብስና ስንዴ ተራ ይገባሉ። እኔ አብሬ እሄዳለሁ። ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛ፣ ከጠየቁት ሰው ላይ በዚያ ቀን ምንም አይገዙም። «ሊገዛ የመጣ ሰው እውነቱን አይነገረውም» ይላሉ። ሁለተኛ፣ «ስንት ነው?» ብለው አይጀምሩም። «ዛሬ ለምን መጣህ?» ነው የሚሉት። አንዱ ልጁ ታሞ ነው፣ አንዷ ጎረቤቷ ስለመጣች ብቻዋን ላለመቅረት ነው፣ ሌላው ደግሞ ከሚስቱ ተጣልቶ ከቤት ለመውጣት ሰበብ ፈልጎ ነው። ጋሽ ታደሰ ሁሉንም በትንሽ ደብተር ይጽፋሉ። ከሚስቱ የተጣላውን የት ላይ ነው የምንመድበው ብዬ ብቀልድባቸው፣ «አቅርቦት ላይ ነዋ፤ ገብሱን ይዞ መጥቷል አይደል?» አሉኝ ሳይስቁ።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳውን ለሦስት ይከፍሉታል። በሁለቱ ላይ ይጽፋሉ፤ ሦስተኛው ባዶ ይቆያል። ተማሪ እሳቸው የማያውቁትን ነገር ሲጠይቅ ጥያቄውን እዚያ ይጽፉታል። አንዳንዱ ጥያቄ አንድ ወር ሙሉ ሳይጠፋ ይቆያል፤ ሰሌዳ የሚያጠፉት ልጆች ያንን ክፍል እንዳይነኩ ያውቃሉ። እኔ ወጣት ነበርኩና መምህር አለማወቁን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማቆየቱ ያሳፍረኝ ነበር።

አንድ ጊዜ አብረን የክፍል ገበያ አዘጋጀን። ለግማሾቹ ተማሪዎች ቢበዛ የሚገዙበት፣ ለግማሾቹ ቢያንስ የሚሸጡበት ዋጋ የተጻፈበት የታጠፈ ወረቀት ሰጠናቸውና ተከራከሩ አልናቸው። ጫጫታው ለጉድ ነው። በሦስተኛው ዙር ማንም ሳያዝዛቸው ሁሉም ወደ አንድ ዋጋ ሲጠጉ፣ እኔ ራሴ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን በዓይኔ በማየቴ ፀጉሬ ቆመ። አንድ ልጅ ብቻ ሌሎች ከሚሸጡበት በጣም ባነሰ ዋጋ ሸጠ። ለምን ቢባል «ገዢው ጓደኛዬ ነው» አለ። እኔ ጨዋታው አልገባውም ብዬ ሳቅኩ። ጋሽ ታደሰ ሄደው በባዶው ሰሌዳ ላይ «ለጓደኛው ለምን ቀነሰ?» ብለው ጻፉ።

ከዓመታት በኋላ የመሰናዶ ትምህርት ሲጀመር ኢኮኖሚክስ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነና እኔም ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ አሰላ ተዛወርኩ። በመጨረሻ የራሴን ትምህርት አገኘሁ ብዬ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ርዕሰ መምህሩ ወረቀት የሚወድ ሰው ነበር። የዕለት ዕቅዳችን ላይ ከሚሞሉት ሣጥኖች አንዱ «የተማሪዎች ጥያቄዎች በሙሉ ተመልሰዋል» የሚል ነበር፤ ምልክት ያላደረገበት መምህር ቢሮ ይጠራል።

ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ቤት ይከራያሉ፤ ቅዳሜ አገራቸው ሄደው እሑድ ማታ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ከነሱ አንዷ ሩቂያ ነበረች። ከዲክሲስ ወዲያ ማዶ ካለች መንደር የመጣች፣ ኦቦ አማን የሚባሉ የስንዴ ገበሬ የመጀመሪያ ልጅ። ቀጭን ናት፣ ቀስ ብላ ትናገራለች፤ ጥያቄ ሲኖራት ግን እጇን አውርጂ ቢሏት አታወርድም።

ስለ ዋጋ ሳስተምር ልጆቹን የስንዴን የየወሩ ዋጋ ከየአገራቸው እየጠየቁ እንዲያመጡ አዘዝኳቸው። የመጣውን በትልቅ ወረቀት ላይ አብረን ሣልነው። አጨዳው አልቆ ገበያው ስንዴ በስንዴ በሚሆንበት በጥር መስመሩ ታች ይወርዳል፤ ጎተራ በሚራቆትበት በነሐሴ ሽቅብ ይወጣል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ የለጠፍኩበት ቀን ከወረዳ የመጣ ተቆጣጣሪ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ሩቂያ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ በነሐሴ ዋጋው እንዲህ ከሆነ አባቴ ለምን በጥር ይሸጣል?»

አላውቅም ነበር። እውነቱ ይኸው ነው። ጋሽ ታደሰ ቢሆኑ ጥያቄውን ጽፈው ዝም ይሉ ነበር። እኔ ግን ከኋላ የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች አየሁና «መረጃ ስለሌለው ነው» አልኳት። «ገበሬው የወደፊቱን ዋጋ ስለማያውቅ ነው።» ሩቂያ «አባቴ ዋጋውን እኮ ያውቃል» ልትል አፏን ከፈት አደረገች፤ ከዚያ ተወችውና ያልኩትን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ተቆጣጣሪው ጎበዝ መምህር ብሎኝ ሄደ። እኔም ሣጥኑ ላይ ምልክቴን አደረግሁ።

በቀጣዩ መስከረም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደገባች፣ ገና በመጀመሪያው ቀን እጇን አወጣች። አባቷ በጥር ሳይሸጥ እንደጠበቀ፣ በነሐሴ እንደሸጠ፣ ዋጋውም ልክ ግድግዳው ላይ እንደሣልነው እንደሆነ ተናገረች። ክፍሉ አጨበጨበ። ከልጆቹ ይልቅ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። መምህር ሆኜ ያስተማርኩት ነገር ከክፍል ወጥቶ አንድ ቤት ሲገባ ያየሁት ያኔ ነው። የዚያኑ ሳምንት ለጋሽ ታደሰ ደብዳቤ ጽፌ በሾፌር እጅ ወደ በቆጂ ላክሁ። ጡረታ ወጥተው ነበር። መልሳቸው ሁለት መስመር ነው። «ደስ ይላል። በነሐሴ የገዛው ማን ነበር?»

ሽማግሌው ቀንተውብኛል ብዬ ደብዳቤውን መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት።

ኅዳር ላይ ያለ ወሩ ዝናብ ጣለ። ስንዴው ደርሶ ነበርና ያልታጨደ ሁሉ አደጋ ላይ ወደቀ። በአጨዳ ሰሞን የገጠር ልጆች አንድ ሁለት ሳምንት መቅረታቸው የተለመደ ነው፤ ሩቂያ ግን ሦስተኛ ሳምንቷን ስትይዝ አብረዋት የሚኖሩትን ልጆች ጠየቅኋቸው። እርስ በርስ ተያዩ። «አጨዳ ላይ ናት፤ ሰው አላገኙም» አለችኝ አንደኛዋ። አርሲ ውስጥ በአጨዳ ሰው አላገኙም የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ኮምባይነር በማይገባበት ተዳፋት ላይ ያለ ማሳ በደቦ ነው የሚታጨደው፤ ዛሬ ያንተ፣ ነገ የኔ። የሚቀርበት ሰው ምን ቢያደርግ ነው?

ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ ዲክሲስ ወረድኩ፤ ከዚያ በጋሪ፣ ከዚያ በእግሬ። መንገዱን ሙሉ በየማሳው ሰው ተደርድሮ ያጭዳል፣ ይዘፍናል። የኦቦ አማን ማሳ ላይ ሦስት ሰው ብቻ ነበር፤ አባት፣ እናትና ሩቂያ። ያልታጨደው ስንዴ ጠቁሯል፤ አንዱን ዛላ ይዤ ሳሸው ፍሬው በቆመበት በቅሏል። ሩቂያ ስታየኝ ማጭዷን ከኋላዋ ደበቀች።

«ሰው አልመጣም፣ ቲቸር።»

«ለምን?»

«ነሐሴ ላይ አክስቴ ስንዴ ፈልጋ መጥታ ነበር። አባቴ ለሽያጭ ነው አላት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ገዛችው። ጎረቤቶቻችንም ገዙ።»

የጋሽ ታደሰ ሁለት መስመር ያኔ ገባኝ። ግድግዳው ላይ ሽቅብ የወጣው መስመር ሰው ነበር፤ የሩቂያ አክስት፣ ከማዶ ያለው ጎረቤት። ማጭድ ተቀብዬ ልርዳ ብዬ ጎንበስ አልኩ። አንድ ነዶ ሳይሞላልኝ ጣቴን ቆረጥኩ። ኦቦ አማን ማጭዱን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና ከኩታቸው ጫፍ ቀደው ጣቴን አሰሩልኝ።

«ሐሳቡ የኔ መሆኑን ለሰዎቹ ለምን አልነገሯቸውም?» አልኳቸው።

«ልጄን የሚያስተምር ሰው ስሙ በክፉ እንዲነሳ አልፈለግኩም» አሉኝ። ከዚህ ንግግር በኋላ እዚያ ማሳ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ጥድ ሥር እንዲቀመጡልኝ ለመንኩ። ትልቁ ሐጂ ሁሴን ይባላሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ንቁ ነው። አክስትየዋም፣ ጎረቤቶቹም መጡ። በኦሮምኛ፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን፣ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፦ ወረቀቱን፣ ጥያቄውን፣ ከኋላ የተቀመጡትን ሰዎች፣ መልሴን። ጥፋቱ የአማን አይደለም፣ የኔ ነው አልኩ።

«በርሲሳ» አሉኝ ሐጂ ሁሴን፤ መምህር ማለታቸው ነው። «በነሐሴ ስንዴ እንደሚወደድ እኛ የማናውቅ መስሎህ ነው?»

«መስሎኝ ነበር።»

«እንግዲህ ስማ። ስንዴ ጎተራ ውስጥ እያለ፣ በሐምሌ የመጣን ዘመድ የለኝም ማለት አይቻልም። ያለው ይሰጣል፤ የተሰጠውም ሲያገኝ ይመልሳል። ሁሉን ካስቀመጥክ ሁሉም ያልቃል። ስለዚህ የምንበላውን እናስቀራለን፤ የምንሰጠውንም እናስቀራለን፤ የተረፈውን በጥር ሸጠን ጊደር እንገዛለን። ጊደር ቆርሰህ ስጠኝ የሚል ዘመድ የለም።» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ጥያቄው ከነበረህ መጥተህ ለምን አልጠየቅከንም? ሩቅ ነን?»

ያን ጊዜ እንኳ፣ ከነሐፍረቴ፣ አእምሮዬ ሥራውን አልተወም፤ ይህን ጊደር መጽሐፉ ላይ የት ነው የማገባው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። በዋጋው መስመር ላይ የጠፋኝ ነገር ሁሉ እዚህ ጥድ ሥር ነበር። እነዚህ ሰዎች ርካሽ ሲሸጡ የኖሩት ደግ ሆነው ሳይራቆቱ ለመኖር ነው።

ኦቦ አማን አክስትየዋን፣ ጎረቤቶቹን ይቅርታ ጠየቁ፤ እኔም ከራሳቸው ከኦቦ አማን ጀምሬ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ተመረቅን። በማግስቱ ቅዳሜ ማሳው በሰው ሞላ። ሲመሽ የቆመ ነገር አልነበረም፤ አብዛኛው ግን ለከብት እንጂ ለሰው የሚሆን አልነበረም። እኔ የተቆረጠ ጣቴን ይዤ ነዶ ስሸከም ዋልኩና እሑድ ወደ አሰላ ተመለስኩ። ልቤ ቀሎኝ ነበር።

ሩቂያ አልተመለሰችም። የዓመቱ ቀለብ ጠፍቷል፣ እናቷ ታማለች፣ ቤት ውስጥ እጅ ያስፈልጋል ተባለ። መልቀቂያ ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ወራት ነበር የቀሩት። ስሟ ጎን በቀይ «አቋርጣለች» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዓመቱ ሲሬ ከተማ እንደተዳረች ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ አስተማሪነቴ ተለወጠ። ጋሽ ታደሰ ከመሞታቸው በፊት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እሳቸውም «አየህ፣ ሰሌዳው ላይ ለጥያቄ ባዶ ቦታ የምተወው ለዚህ ነበር» ከማለት በቀር አልወቀሱኝም። ተማሪዎቼን ጥያቄ አስይዤ ወደ አባቶቻቸውና ወደ እናቶቻቸው መላክ ጀመርኩ። ይዘውት የሚመጡት መልስ ያስደንቀኝ ነበር። አንድ ዓመት ድንች ለምን በማዳበሪያ ከረጢት ይሸጣል እንጂ በኪሎ አይሸጥም ብለው ወጥተው፣ አሥራ አንድ ዓይነት ምክንያት ይዘው ተመለሱ፤ አንዱም መጽሐፉ ላይ የለም። የሩቂያንም ታሪክ፣ ስሟን ሳልጠራ፣ በየዓመቱ ለአዲሶቹ ተማሪዎች እነግራለሁ። በጣም ይወዱታል። ብዙ ጊዜ ደጋግሜ ሳወራው አንድ ነገር አልታየኝም ነበር፦ በታሪኩ ውስጥ በመጨረሻ ጎበዙ ሰው እኔ ነኝ። ስህተቱን ያመነ፣ ሽማግሌ ፊት የቆመ፣ ያስታረቀ መምህር።

ሲሬ ለፈተና ተቆጣጣሪነት ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። ሩቂያ ገበያው አጠገብ እህል እንደምትሸጥ ነግረውኛል። አንድም ቀን ወደዚያ አልዞርኩም። ፈተናው ሲያልቅ ቀድሜ መኪና ውስጥ የምገባው እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ጡረታ ወጣሁ፤ የሚያጣድፈኝ ፈተና የለም፤ ሰበቤ አለቀ።

ባለፈው ማክሰኞ ሄድኩ። ጤፍ፣ ምስር፣ ስንዴ በየከረጢቱ አፉ ተከፍቶ በተደረደረበት ሱቅ ውስጥ ሞላ ያለች፣ ነጭ ሻሽ ያደረገች ሴት ለአንዲት እናት ምስር ትመዝናለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር?»

ሳጥን ገልብጣ አስቀመጠችኝ። ባሏ የአይሱዙ ሹፌር መሆኑን፣ ሦስት ልጆች እንዳሏት፣ ትልቋ ዘጠነኛ ክፍል እንደሆነች ነገረችኝ። «የልጄን የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ደንበኛ ሲጠፋ አነበዋለሁ» አለች። «ያምራል። ስለ ጊደር ግን ምንም የለውም።» ሁለታችንም ሳቅን። በዚያ ሳቅ ተበረታታሁና ይዤው የመጣሁትን ነገር ተናገርኩ፤ በኔ ምክንያት ትምህርቷን እንዳቋረጠች እንደማውቅ፣ ይቅርታ ልጠይቃት እንደመጣሁ።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ሲያመሰግንዎ ነው የኖረው» አለችኝ። «ተምሮ ጥፋቴ ነው ያለ ሰው ከሱ ሌላ አላየሁም ይል ነበር።»

«አንቺስ?»

የሚዛኑን ሳህን በመዳፏ ጠረገችው።

«በዋጋው ነገር ተቀይሜዎ አላውቅም። ማንም ይሳሳታል። ግን ያን ዓርብ ጥድ ሥር ስትሰበሰቡ ውሃ ይዤ ከኋላችሁ ቆሜ ነበር። አባቴን ይቅርታ ጠየቁ። አክስቴን ጠየቁ። ጎረቤቱን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቁ። አሁን ወደኔ ይዞራሉ፣ ሩቂያ፣ ሰኞ ትመጫለሽ ወይ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። በዚያ ሰዓት ብለውኝ ቢሆን አባቴ እንዴት ብሎ እምቢ ይልዎ ነበር? ሽማግሌ ፊት? ቅዳሜም ጠበቅኩ። እሑድም እስከ ጋሪው ድረስ ቦርሳዎን ይዤ ሸኘሁዎ። አመስግነውኝ ሄዱ።»

ቦርሳዬን ማን እንደያዘልኝ አላስታውስም ነበር። ታሪኩን ለስንት መቶ ልጆች ሳወራ አንድም ጊዜ እሷ የት ቆማ እንደነበር ራሴን አልጠየቅኩም። ይቅርታ ደግሜ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሴትየዋ ምስሯን ይዛ እስክትወጣ ጠበቅኩ።

«ሩቂያ፣ መማር ትፈልጊያለሽ ወይ?» አልኳት።

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ሰው እንዳይሰማት ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ላስብበት። ቅዳሜ ይመለሱ።»

አራቱን ቀን አሰላ እንዴት እንዳሳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በዚህ ዕድሜ የማታ ትምህርት፣ ሦስት ልጅ፣ ሱቅ፤ እምቢ ብትል ልክ ናት። እሺ ብትልም ያመለጣትን ዓመታት ማንም አይመልስላትም። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ሲሬ ገባሁ። ሱቁ ውስጥ ልጇ ስትመዝን አገኘኋት፤ ሩቂያ ግን ልብሷን ቀይራ በር ላይ ቆማ ነበር። በእጇ የያዘችውን ፌስታል ፈታች። ከውስጡ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ውጤቷንና የአሥራ አንደኛ ክፍል ካርዷን አወጣች። ጠርዛቸው አልታጠፈም።

«አሥራ ሁለት ብለው ይቀበሉኛል ወይስ ወደ ኋላ ይመልሱኛል?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። «ነይ፣ ሄደን እንጠይቅ።»